ሮብ ከተማ ሲሆን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ የጣርማበርን ዋሻ እስኪያልፍ ድረስ ጋቢው ከትከሻው አይወርድም። ከዋሻው ወዲያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል፣ ጋቢውን ያጥፋል፣ መስኮት ይከፍታል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ውኃ ይጠይቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርድ ወደ 1,280 ሜትር ገደማ ሙቀት ለመውረድ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ጉዞ ይበቃል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለብዙ የአዲስ አበባ ሰው ስሟ መጀመሪያ የሚያስታውሰው ማረሚያ ቤቱን ነው፤ ለአትክልት ነጋዴ ግን ሽንኩርቱን። ስሟ ራሱ ግን ከሁለቱም ይቀድማል፤ የሚናገረውም ስለ አንድ የሳምንት ቀን ነው።

ሮቢት ማለት የሮቧ ማለት ነው። የዚህ ዓይነት ስም የያዙ ከተሞች በአማራ ምድር ብቻቸውን አይደሉም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ ማክሰኚት አለች፤ ወደ ባሕር ዳር ሲጠጉ ሐሙሲት አለች። በደቡብ ጎንደር፣ በታች ጋይንት፣ ዓርብ ገበያ አለች። ሮቢት የሚባል ቦታ በቆቦ በኩልም አለ፣ በባሕር ዳር አካባቢም አለ፤ ከሸዋ ደጋ በታች፣ በይፋት ቆላ ያለችውን ሮቢት «ሸዋ» የሚለው ቅጽል ከእነዚህ ይለያታል። በከተማዋ አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ ሮቢ ይባላል፤ በኦሮምኛም ረቡዕ ሮቢ ነው። አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም ስሙን ሲሰማ ያንኑ ቀን ይሰማል። በይፋት ቆላ አማራ፣ ኦሮሞ፣ አርጎባና አፋር በአንድ ገበያ ስለሚገናኙ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀኑን ራሱን ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ አልጠራውም። ግዕዝ ቆጥሮ ሰየመው፤ እሑድን አንድ ብሎ ረቡዕን አራተኛ አደረገው። አራት፣ አርባ፣ ሩብ፣ በፊደል ገበታ ላይ ያለው ራብዕ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የዐረብኛው አርቢዓእም እንዲሁ ቁጥር ነው። እንግሊዞች ግን ቀኑን ለአምላክ ሰጡት፤ ዌንስዴይ የሚሉት የጥንት ጀርመናውያን ያመልኩት የነበረው የዎደን ቀን ነው። በአፋቸው የማያነሱት «ዲ» በጽሑፋቸው ላይ እስከ ዛሬ የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። ዎደን ወደዚህ ቀን የገባው በትርጉም ነው። ሮማውያን ቀኑን የሜርኩሪ ብለውት ነበር፤ ጀርመናውያኑ ከራሳቸው አማልክት ለሜርኩሪ የሚመስል ሲፈልጉ ዎደንን አገኙ። ፈረንሳዮች የሮማውያኑን ስም ሳይለቁ መርክረዲ ይላሉ።

ሜርኩሪ ደግሞ የነጋዴዎች አምላክ ነበር። የእንግሊዞቹ ማርኬትም የጣሊያኖቹ መርካቶም የወጡት ሸቀጥ ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ የአምላኩ ስምም ከዚሁ ቃል ጋር ይዛመዳል የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ፖርቱጋሎች ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል። የአማልክትን ስም ከሳምንቱ አስወጥተው እንደ ግዕዝ ሊቃውንት መቁጠር ያዙ፤ ለዚህም ምስጋናው በ6ኛው መቶ ዘመን ለኖረው ለብራጋው ጳጳስ ለማርቲን ይሰጣል። ሮብን ኳርታ ፌይራ ይሉታል። ፌይራ መነሻው የቤተ ክርስቲያን በዓል ቀን ነው፤ ይኸው ቃል ኋላ ገበያ የሚል ትርጉም ያዘ። ዛሬ ቃል በቃል ለሚያነበው ሰው ሮብ አራተኛ ገበያ ይመስላል። በ1541 እ.ኤ.አ. ከክሪስቶፎ ዳ ጋማ ጋር ምጽዋ የወረዱት ወታደሮች ይህንኑ የሳምንት አቆጣጠር ይዘው መጡ፤ ሐበሻውም ቀኑን አራተኛ እያለ ሲጠራ አገኙት።

ቀኑ ከተማ የሆነው ግን እዚህ አገር ብቻ አይደለም። በሞሮኮ ሱቅ ኤል አርባ የሚባል ከተማ አለ፤ የሮብ ገበያ ማለት ነው። በቱርክ፣ በጥቁር ባሕር ዳር፣ ቻርሻምባ የሚባል ከተማ አለ፤ ቻርሻምባ ሮብ ነው። በስሎቫኪያ ዱናይስካ ስትሬዳ አለ፤ የዳንዩቡ ሮብ እንደ ማለት። እነዚህ ሕዝቦች ተገናኝተው የተማከሩበት ጊዜ የለም። መንደርተኛው ከመንደርተኛ የሚገናኝበት ሜዳ ከሳምንቱ አንድ ቀን ብቻ ሲሞላ፣ ሜዳውን በዚያ ቀን መጥራት ለሁሉም የሚቀርብ ዘዴ ሆኖ ነው።

የከተማ ስም አወጣጥ ማን እንደቆረቆረው ያሳያል። ነገሥታቱ ከቆረቆሯቸው የሸዋ መናገሻዎች ብዙዎቹ አምባና ተራራ ላይ ናቸው፤ ታሪካቸውም በዜና መዋዕል ተጽፏል። እንደ ሮቢት ያለችው ግን ቆርቋሪ ንጉሥ በስሟ ላይ አይታይም። ስድስት ቀን ባዶ የሚውል፣ ውኃ የሚቀርበው፣ ደጋውም ቆላውም እኩል የሚደርስበት ሜዳ ነበር። ሰው መጥቶ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ይታረቃል፣ ይካሰሳል፤ ጀምበር ስትዘቀዝቅ ገበያው ይበተናል። ከቤቱ በፊት ቀኑ ነበረ።

የይፋት ንግድ ራሱ ከዚህ ስም እጅግ ያረጀ ነው። በ1285 እ.ኤ.አ. ዑመር ወላስማ የሸዋን የእስልምና መንግሥት አሸንፎ የይፋትን ሱልጣኔት አጸና። ዘሮቹ ወላስማ ተብለው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በቆላው ነገሡ። የግብጹ ጸሐፊ አል ዑመሪ በ14ኛው መቶ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የእስልምና መንግሥታት ሲጽፍ በይፋት ገበያ የግብጽ ዲናርና ድርሃም እንደሚሠራ መዘገበ፤ ጫትም ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ ነው። ጫቱ በሌላም ቦታ ብቅ ይላል። በ1332 እ.ኤ.አ. አፄ ዓምደ ጽዮን በይፋቱ ሱልጣን በሰብረዲን ላይ ሲዘምቱ፣ የንጉሡ ዜና መዋዕል ሱልጣኑ የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ መፎከሩን ይተርካል። የዛሬው የይፋት ጫት ነጋዴ ይህን ቢሰማ ሳይስቅ አይቀርም።

ሱልጣኔቱ ከዓምደ ጽዮን ዘመቻ በኋላ ተዳክሞ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደቀ፤ የመጨረሻው ሱልጣን ሰዕደዲን ዘይላ ላይ ተገደለ። ከተሞቹ ግን ድንጋያቸው ቀርቷል። ኖራ፣ አስበሪ፣ መሳል የሚባሉት ፍርስራሾች ከሸዋ ገደል ግርጌ፣ ደጋው ወደ አፋር ሜዳ በሚወርድበት ትከሻ ላይ ናቸው፤ መስጊዶቻቸውና የቤቶቻቸው ግድግዳ ዛሬም ይታያል። በ21ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው አጠኗቸው። አቀማመጣቸው ሁሉንም ይናገራል፤ ለቆላው ሙቀት ቅርብ፣ ለወባው ሩቅ፣ ከባሕር ለሚመጣው ቅፍለት ደግሞ የመጀመሪያው ማረፊያ።

የወላስማ ስምም አልጠፋም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ.፣ የይፋትን ቆላ የሚገዛው ሹም ወላስማ መሐመድ ይባል ነበር፤ መቀመጫውም ጎንቾ ነበረ። የንጉሡ ወንድሞችና ዘመዶች የሚታሰሩትም በእሱ ጥበቃ ሥር ነበር። አምስት መቶ ዓመት ያለፈው የሱልጣን ስም የክርስቲያን ንጉሥ ሹመት ሆኖ ቀጠለ ማለት ነው። (ሸዋ ሮቢትን በእስር ቤቷ ብቻ የሚያውቋት፣ እስርና ይፋት የተዋወቁት ትናንት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ።)

በዚያ ዘመን የይፋት ትልቁ ገበያ ሮቢት አልነበረም። ከመናገሻዋ ከአንኮበር በታች፣ በስተምሥራቅ፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠችው አልዩ አምባ ነበረች፤ የምትቆመውም ዓርብ ነበር። ከታጁራ በአፋር በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ቅፍለት ፋሬ ላይ ቀረጡን ከፍሎ ወደ እሷ ይወጣል፤ የሐረር ነጋዴም ወደ እሷ ይመጣል። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በዚሁ መንገድ መጥቶ ከንጉሡ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ፤ በ1842 ደግሞ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን አልዩ አምባ ላይ ተቀምጦ ገበያዋን በቅርብ አየ። ሁለቱም በ1844 መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ የለንደን አንባቢ የይፋትን ገበያ ያወቀው ያኔ ነው።

ገበያው ላይ መገበያያው ሁለት ነበር። ትልቁን ነገር የሚገዛው 1780 የሚል የአውሮፓውያን ዓመት የታተመበት ማርትሬዛ ብር ነው፤ ትንሹን የሚገዛው አሞሌ ጨው። አሞሌው ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ዞሮ የሚደርስ ነው፤ ባለቤቱ ዝናብ እንዳይነካው፣ ጠርዙም እንዳይሸረፍ ይጠነቀቃል፤ የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ወዲያው ይወርዳልና። ደጋው ገብስና ባቄላ፣ የመንዝ ባና ያወርዳል። ቆላው ጥጥና ማሽላ ያወጣል። ከባሕር የሚመጣው ጨርቅ፣ ዶቃ፣ መዳብ ነው። ከአልዩ አምባ ብዙም በማትርቀው አብዱል ረሱል ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር፤ ከደቡብ የሚነዱ ባሪያዎች ወደ ባሕር ከመውረዳቸው በፊት እዚያ ይቆሙ ነበር። የይፋትን ንግድ ድምቀት የሚያነሳ ሁሉ ይህንንም አብሮ ማንሳት አለበት። ባርነትን የሚሽረው አዋጅ የወጣው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1942 እ.ኤ.አ. ነው።

አልዩ አምባ ዓርብን ከያዘች፣ ሌላው ገበያ ዓርብን አይይዝም። የገበያ ቀን አደላደል ምሥጢር ይህ ነው። ሁለት ጎረቤታም ገበያዎች በአንድ ቀን ቢቆሙ ነጋዴውን ይካፈሉታል፤ ሁለቱም ይጎዳሉ። ስለዚህ ቀኑ እንደ መሬት ይከፋፈላል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን፣ ጀውሃን አልፎ አጣዬ ሳይደርሱ፣ ሰንበቴ አለች፤ እሷ እሑድ ናት። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ባቲ አለች፤ እሷ ሰኞ ናት። ከአፋር ከብት የገዛ ነጋዴ እሑድን ሰንበቴ ውሎ በማግስቱ ሌላ ገበያ መፈለግ ይችላል። አህያ የሚነዳ ሸቃጭ የሳምንቱን ስም ካወቀ መንገዱን አወቀ። መርሐ ግብሩ ያልተጻፈ ቢሆንም እረኛው ሳይቀር በቃሉ ይይዘዋል።

ሰንበቴ ስሟ ከሰንበት ነው። ለክርስቲያኑ ሰንበቴ ማለት ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ ይዞ የሚሰበሰብ ማኅበር ነው። በይፋቷ ሰንበቴ ግን አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፤ እሑድ ለእሱ የሥራ ቀን ነው። በደጋው ክርስቲያን ምድር ገበያ እሑድ እንዲቆም ማድረግ ከቄስ ጋር ያጣላል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ በ15ኛው መቶ ዘመን አጽንተዋልና ለደጋው ነጋዴ ሁለት ቀን ተዘጋ። ቆላው በዚህ ክፍተት ገባ ቢባል ስሕተት አይሆንም። በአንጻሩ አልዩ አምባ፣ ነጋዴዎቿ በአብዛኛው ሙስሊሞች ሆነው፣ የጁምዓን ቀን መርጣለች፤ ለጸሎት የሚሰበሰብ ሰው ለገበያም ተሰብስቧልና።

ሮብ ከሁለቱ ሃይማኖቶች የአንዱም የዕረፍት ቀን አይደለም። ለቅይጥ አገር ተስማሚ ቀን ነው። ክርስቲያኑ ግን ሮብን ይጾማል። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲያስረዱ አይሁድ በጌታ ላይ የመከሩበት ቀን ነው ይላሉ፤ ዓርብ ደግሞ የተሰቀለበት። ሮብንና ዓርብን መጾም ዲዳኬ በሚባለው የጥንት ክርስቲያኖች መጽሐፍ ላይ አስቀድሞ ተጽፏል። በእንግሊዝና በአየርላንድም ከፋሲካ በፊት ያለውን ሮብ የሰላዩ ሮብ የሚሉት ሰዎች ነበሩ፤ ይሁዳ ጌታን ሊሸጥ የተስማማበት ቀን ስለሆነ። ሽያጩም በብር ነበር። ቀኑ ከዋጋ ድርድር ጋር ያለው ዝምድና በዚህም በኩል መጣ።

ጾሙ በገበያው ላይ የሚያመጣው ነገር አለ። የቅቤ ተራ ላይ የቆመች ሙስሊም ሸማች በጣቷ ነክታ ትቀምሳለች። አጠገቧ ያለችው ጾመኛ ግን ከትንሣኤ እስከ በዓለ ሃምሳ ካልሆነ በቀር ሮብ ቀን ቅቤ አትቀምስም። ታሸታለች፤ በእጇ ጀርባ ላይ ትንሽ ቀብታ እስኪቀልጥ ትጠብቃለች፤ ስብ የተቀላቀለበት እንደሆነ ከጠረኑ ትለያለች። ሻጩ ቅመሺ ብሎ አይሟገትም፤ ቀኑን ያውቃል። ሥጋውን በተመለከተ ደግሞ ሁለቱ ሃይማኖቶች የየራሳቸውን ያርዳሉና ሮብ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ይቀዘቅዛል፣ የሙስሊሙ ይሠራል።

የደጋው ገበያተኛ ሌላም ሒሳብ ነበረው፤ ወባ። ቆላ ወርዶ ማደር ያስፈራል። ስለዚህ ሌሊት ተነስቶ ይወርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ ገበያው ሲደራ ይሸጣል፣ ፀሐይ ሳትገባ ዳገቱን ይያያዘዋል። የገበያው ሰዓት አጭር የሆነው በዚህ ነው። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚሠራው ደግሞ ግብይት ብቻ አልነበረም። የመንግሥት አዋጅ ሰው በሚበዛበት በገበያ ቀን ይነገራል፤ ከብት የጠፋበት ያስለፍፋል፤ የሩቅ ዘመድ መርዶ የሚደርሰው ከዚያ ነው፤ ልጅ የሚድር ሽማግሌ የሚቀጥረውም በገበያ ቀን ነው። «የዛሬ ሮብ» ማለት ቀጠሮ ነበር፤ ቦታውን መጥቀስ አያስፈልግም።

አልዩ አምባን የገደላት ጦርነት አይደለም፤ ባቡር ነው። ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1886 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ ሲያዛውሩ የንግዱ ልብ አብሮ ሄደ። የጅቡቲው ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በረሃ አቋርጦ ፋሬ ላይ ቀረጥ የሚከፍል ቅፍለት ከዚያ በኋላ ማን ይነዳል? ዛሬ አልዩ አምባ በኮረብታዋ ላይ ጸጥ ብላ የምትታይ ትንሽ ከተማ ናት።

ሮቢትን ያነሳት መንገድ ነው። ጣሊያኖች በ1936 እ.ኤ.አ. አገሪቱን ሲይዙ ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ አሥመራ የሚደርስ አውራ ጎዳና መሥራት ጀመሩ። ጣርማበርን በዋሻ ሰነጠቁት፤ ዋሻው ከ500 ሜትር በላይ ነው፤ ሰው አሁንም የሙሶሊኒ ዋሻ ይለዋል። መኪና ገደሉን ሲወርድ ፍሬኑን የሚያሳርፈው ከታች ባለው ሜዳ ነው፤ ሜዳው ደግሞ የሮብ ገበያ ያለበት ነው። ሾፌር ያረፈበት ቦታ ሻይ ቤት ያበቅላል፣ ሻይ ቤቱ አልቤርጎ፣ አልቤርጎው ጎሚስታ። በሳምንት አንድ ቀን የሚሞላው ሜዳ ሰባቱንም ቀን ሰው የሚውልበት ሆነ፤ የቀኑ ስም ግን በከተማው ላይ ቀረ።

ቆላው የሚሸጠውም ተለወጠ። ማሽላው አሁንም አለ፤ ልጆች የሚያኝኩት ጥንቅሽም በወቅቱ በእቅፍ ይሸጣል። በወንዞቹ ዳር መስኖ ገባና ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ፓፓያና ማንጎ በዙ። የትምባሆ እርሻ ተተከለ። ከሁሉ በላይ የተነሣው ማሾ ነው፤ ይህች ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ ወደ ውጭ ስለምትላክ ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ያገኝባታል። በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ማሾን በመገበያያ ሰሌዳው ላይ አስገባ። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ዙሪያ ያለው የቀወት ወረዳ ገበሬ ማሾውን በቁና ሲሰፍር ዋጋው አዲስ አበባ ላይ ምን እንደዋለ በስልኩ ጠይቆ ነው። ደላላው ይህን አይወድም።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ወረደ፤ ከተማዋ ተይዛ እንደገና ተለቀቀች። እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚቋረጠው ገበያ ነው፤ ሰላም ሲወርድም ሰው ደፍሮ የሚወጣው መጀመሪያ ወደ ገበያ ነው። አርጎባውም አፋሩም አማራውም ኦሮሞውም ቅቤና ማሽላ ሳይለዋወጥ ብዙ ሳምንት መቆየት አይችልም።

ሽንኩርቱ የሮቢት ስም ተሸክሞ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ግን ሮብን ጠብቆ አይደለም። አይሱዙ ማታ እርሻው ዳር ይጫናል፤ ጆንያው ሙቀት እንዳይዘው በሌሊት ጣርማበርን ይወጣል፤ ሊነጋ ሲል አትክልት ተራ ይደርሳል። አትክልት ተራው ለረጅም ዓመት ፒያሳ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት። የጭነት ሾፌሮቹ የማራገፊያውን ቦታ ሁለት ጊዜ መልሰው መማር ነበረባቸው፤ ጫኙና ገበሬው ግን ከሮቢት የሚነሱበትን ሰዓት አልቀየሩም።